በሁዳዴ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ደባርቅ ላይ ወፍጮ ቤት ሠርቶ የማያስል ሰው አላውቅም። ስለዚህ ማሳል ስጀምር እኔም፣ ባለቤቴ የሺም፣ የወፍጮው ጌታም "ዱቄቱ ነው" አልንና ነገሩን ዘጋነው። ዱቄቱ እውነትም ይገባል። ማታ ቤት ስደርስ ቅንድቤና ፂሜ ነጭ ሆኖ የሺ "ሽማግሌው መጣ፤ ወንበር ልቀቁለት" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ግትር ለሆነ ሰው ነው። ለሚሰማ ሰውማ የነርሷ ምክር ይበቃዋል። እኔ ግን የተነገረኝን ሁሉ በራሴ መንገድ ካላጣመምኩት ደስ የማይለኝ ሰው ስለነበርኩ፣ ሁለት ጊዜ ልሞት ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። የመጀመሪያውን ያመጣብኝ በሽታው ነው። ሁለተኛውን በራሴ ላይ ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ያውም ለጽድቅ ብዬ።

ሳሉ ሦስት ወር ቆየ። ከዚያ ላብ ተጨመረበት። በደባርቅ ብርድ ልብሱ በላብ ርሶ የሚነሣ ሰው አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ እኔ ግን "ጋቢው ከብዶኝ ነው" ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ከሳሁ። ቀበቶዬን በሚስማር ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩና ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሌላ ዘንድ ሄድኩ፤ ታይፈስም አለበት ተባልኩ፤ እሱንም ጨረስኩ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለኝ። መንደሩም የበኩሉን አላጓደለም። አንዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሽቶ አፍንጫዬ ውስጥ ጨመቀልኝ፤ አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር አበላችኝ፤ ሌላው ደግሞ "የሰው ዓይን ነው" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ዱቄት የሚተነፍስ ሰው ላይ ማን ዓይኑን እንደሚጥል እግዚአብሔር ይወቅ።

አንድ ጠዋት የቀኝ ጎኔ እንደ እሳት ነደደ። በሁለተኛው ቀን ከጀርባዬ እስከ ደረቴ ድረስ ውሃ የቋጠረ ቁስል በመስመር ተሰደረ፤ ሸሚዝ ሲነካኝ እጮሃለሁ። የአገሬ ሰው ይህን በሽታ አልማዝ ባለ ጭራ ይለዋል። ስሙ ያምራል። በዚያን ዘመን ግን ይህን ስም የሚጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ከጀርባው ምን እንዳለ ሁሉም ይጠረጥራልና። እኔም ጠርጥሬያለሁ። ስለጠረጠርኩም ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ጠበል ሄድኩ።

ጠበልን ለማማት አይደለም። ዛሬም እጠመቃለሁ፣ ዛሬም እጠጣለሁ። ያኔ የሄድኩት ግን ከእምነት ይልቅ በሽሽት ነው። ከከተማው በታች፣ ገደሉ ሥር ባለው ጠበል ሁለት ሳምንት ሰነበትኩ። እዚያ ሕሙማንን ደግፈው የሚያስጠምቁ፣ ልብሳቸውን የሚያጥቡ አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም፤ ድምፃቸው ግን ከወፍጮ ይበልጣል። አንድ ቀን ከጠበሉ ስወጣ ጋቢዬ ሸርተት አለና ጀርባዬን አዩት።

"ልጄ፣ ይህን ሐኪም አይቶታል?"

"ጠበሉ ይበቃኛል፣ እማሆይ።"

"ጠበሉስ ይበቃህ ነበር፤ አንተ ነህ ለጠበሉ ያልበቃኸው። ፈርተህ የመጣህ መሆንህ ከዓይንህ ያስታውቃል። ነገ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ትጠፋብኛለህ።"

እውነታቸውን ነው፣ ልጠፋ አስቤ ነበር። በማግስቱ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከእማሆይ ጋር ተቀምጬ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ፤ መሐል ላይ ቆም ይሉና ያለ ተራው ከሚገባ ሰው ጋር ይጣላሉ፤ ከዚያ ካቆሙበት ጸሎታቸውን ይቀጥላሉ። እኔ በሩን አያለሁ። ስሜ ሲጠራ እማሆይ እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ነርሷ ሲስተር መሠረት ትባላለች፤ ገና ልጅ እግር ናት። ከጣቴ ደም ወሰደች፤ ወጥቼ እንድጠብቅ ነገረችኝ፤ መልሳ ጠራችኝ። ውጤቱን ከመናገሯ በፊት ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ያኔ ገባኝ።

"ስንት ቀን ቀረኝ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ለእኔስ ስንት ቀን እንደቀረኝ መች አውቃለሁ?" አለችኝ። "መድኃኒት አለ። ከያዙት ዓመታት ይኖራሉ። ካልያዙት አልዋሽዎትም።"

ከማግባቴ በፊት በሊማሊሞ ቁልቁል የሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። መኪናው ባደረበት እያደርን፣ በየከተማው ሌላ ሰው የሆንን ይመስለን ነበር። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለየሺ መንገሩ ነበር። ሦስት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ቁጣ ጠበቅሁ፣ ለቅሶ ጠበቅሁ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?" አለችኝ።

"ማክሰኞ።"

"ዛሬ ዓርብ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት ብቻህን ቻልከው?" አለችና ያኔ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

በሳምንቱ እሷም ተመረመረች፤ ነፃ ናት ተባለ። አምላኬን ያመሰገንኩትን ያህል አንድም ቀን አመስግኜ አላውቅም። ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ዳባት ያለው ታላቅ ወንድሟ ወሬውን ከየት እንደሰማ አላውቅም፣ መጣ። እኔ የሌለሁ ይመስል፣ እዚያው አልጋ ላይ እያየሁት፣ "ዕቃሽን ሰብስቢ፤ አንቺ ነፃ ነሽ" አላት።

"ወንድም ጋሼ፣ ባሌ ታሟል" አለችው። "ልትጠይቀው ከሆነ የመጣኸው ቁጭ በል፣ ምሳ ላቅርብ። ልትወስደኝ ከሆነ አውቶቡሱ ሳያመልጥህ ሂድ።"

ሄደ። ከዓመት በላይ አልተነጋገሩም። የሺ ለእኔ ስትል ወንድሟን ማጣቷን ዛሬም አልረሳሁም።

እንዲህ ስል የሺን ቅድስት ለማድረግ አይደለም፤ ራሷም አትወደውም። ፍርሃት ነበራት። የምጠጣበትን ዋንጫ ለይታ ከመደርደሪያው ጫፍ ታስቀምጠው ነበር። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ይህን ያዩት እማሆይ ናቸው።

በደብራችን ሕሙማንን ቤት ለቤት የሚጠይቅ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሰው እንዴት እንደሚታጠብ፣ ቁስል እንዴት እንደሚጠረግ፣ በሽታው በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ተምረዋል። እማሆይ መሪያቸው ናቸው። በየሁለት ቀኑ አንዷ ትመጣለች፤ ሳሙና፣ የገብስ አጥሚት፣ አንዳንዴም የጠበል ጆግ ይዛ። ደካማ በነበርኩበት ወር እግሬን ያጠቡኝ፣ ጥፍሬን የቆረጡልኝ እነሱ ናቸው። አንድ ቀን እማሆይ አጥሚቱን ሰጥተውኝ ከግማሽ በላይ አልሄድ አለኝ። የሺ ዋንጫውን ልትቀበል በሁለት ጣት ስትይዘው እማሆይ ቀድመው ነጠቋትና የተረፈውን አጥሚት ጭልጥ አደረጉት።

"ጨው አንሶታል" አሉና ባዶውን ዋንጫ ሰጧት።

የሺ ዋንጫውን ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የእኔ የሚባል ዋንጫ ቤታችን ውስጥ የለም።

መድኃኒቱ በመጀመሪያ ጎንደር ነበር የሚሰጠው። ወር በገባ ቁጥር ማለዳ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ዳባትን፣ ኮሶዬን አልፈን ጎንደር እንገባለን። በሆስፒታሉ የምንገባባትን ክፍል ቁጥር ሁሉም ሰው ያውቃታል። ስለዚህ ከክፍሏ ፊት ለፊት የሚቀመጥ የለም። ሁላችንም ከኮሪደሩ ማዶ የጥርስ ሕክምና የሚል ሰሌዳ ሥር ጉንጫችንን ይዘን እንቀመጣለን። አንድ የዳባት ሰው ጉንጩን በሻሽ አስሮ እስከ መምጣት ደርሶ ነበር። ወር ቆጥሮ ጥርሱን የሚታመም ያን ያህል ሰው በአንድ አገር መኖሩ ማንንም አላስገረመም። ነርሷ ብቅ ብላ ስም ስትጠራ ነው ጥርሳችን የሚድነው።

የተነገረኝ ሕግ አጭር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ እህል ቀምሶ አንድ ክኒን፤ ዕድሜ ልክ። ሲስተር መሠረት ደባርቅ ላይ እየተከታተለችኝ፣ የሰውነቴን ወታደሮች ቁጥር በደም ምርመራ እያየች ትነግረኛለች። ሲዲ ፎር ይሉታል፤ በሽታን የሚከላከለው የደም ሕዋስ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ቁጥሩ ወጣ፣ ቀበቶዬም ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመለሰ። የወፍጮው ጌታ ከድንጋዩ አጠገብ አንሥቶ ሚዛን ያዥ አደረገኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፣ አልነገርኩትም። ሰው ይጠረጥር ነበር፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም። እኔም ከየሺ፣ ከእማሆይ፣ ከሲስተርና ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የነፍስ አባቴ መምሬ አስረስ ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ቤታችን ይመጣሉ፤ ራሴ ላይ ዳዊት ይደግማሉ፣ በመስቀላቸው ይባርኩኛል። ከዚያ መስቀሉን አስቀምጠው ቀልድ ይጀምራሉ። ቀልዳቸው አያስቅም፤ እሳቸው ግን ጨርሰው ሳይናገሩት በሳቅ ስለሚፈርሱ በእሳቸው ሳቅ እንስቃለን።

እንግዲህ ሁዳዴ ገባ። እኛ ዘንድ ሁዳዴን የማይጾም ሰው የለም ቢባል ብዙ አያጣላም። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። ዘወረደ የተባለው የመጀመሪያው እሑድ መምሬ አስረስ አውደ ምሕረት ላይ ቆመው፣ ጾም እየላላ መሄዱን በቁጭት ሲናገሩ፣ "ውሃም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በጉሮሯችሁ አይለፍ" አሉ። ከሕዝቡ መሐል ቆሜ ሰማሁ። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ።

ሐሳቤን ልንገራችሁ፤ ያኔ በጣም ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። የማታውን ክኒን እውጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ የጠዋቱንም እውጣለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን የጠዋት ክኒን ግን አስቀምጣለሁ። አልጥለውም፤ መድኃኒት መጣል ኃጢአት ነው። በጨርቅ ቋጥሬ ፍራሽ ሥር እከተዋለሁ፤ ፋሲካ ሲሆን ሥጋው እንደሚካካስ ክኒኑንም ሁለት ሁለት እየዋጥኩ አካክሰዋለሁ። እግዚአብሔርም ሲስተር መሠረትም ሳይቀየሙኝ ጾሙ ያልፋል። ሲስተር ስትጠይቀኝ ባዶውን ብልቃጥ አሳይቼ "አንድም አልቀረ" አልኳት። የሺ ጠዋት ስትጠይቀኝ "ወፍጮ ቤት እውጠዋለሁ፣ ሰዓቱ ገና ነው" እላታለሁ። መምሬን ግን አልጠየቅኋቸውም።

ሦስት ሳምንት ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም ጾሙ የተስማማኝ መሰለኝ። በአምስተኛው ሳምንት አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ፤ ምራቅ መዋጥ አቃተኝ። ሆዴ ላላ። ትኩሳቱ ተመለሰ። የሆሣዕና ዋዜማ ላይ ሚዛኑ አጠገብ ወደቅሁና ሰዎች በቃሬዛ ቤቴ አደረሱኝ። ከመጀመሪያው ይልቅ የፈራሁት ያኔ ነው። በመጀመሪያው መድኃኒት አለ ተብዬ ነበር፤ አሁን መድኃኒቱን ራሴ ያበላሸሁት መሰለኝ። ይህንንም ለየሺ መናገር አልቻልኩም። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ስታሻሽ ዓይኗን ማየት አፍር ነበር። ወንድሟን ለእኔ የተወች ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ መበለት ላደርጋት ነው።

አንሶላዬን ሊቀይሩ የመጡት እማሆይ ፍራሹን ሲያነሡ ቋጠሮውን አገኙት። ፈቱት፣ አዩት፣ መልሰው ቋጠሩት። ለእኔም ለየሺም ምንም ሳይሉ ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ማለዳ መምሬ አስረስ መጡ። ቀልድ የለም። ቋጠሮውን አልጋዬ ላይ ፈትተው ክኒኖቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ላይ ደረደሩ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"መድኃኒቴ ነው፣ መምሬ።"

"መድኃኒትህ መሆኑንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል? ሆድህ ውስጥ አልነበረም እንዴ መሆን ያለበት?"

የሺ ከበሩ ዘንድ ቆማ ትሰማለች። ከዚህ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

"ጾም ሆኖብኝ ነው። ውሃም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይለፍ ብለው አስተምረው የለ?"

መምሬ ቀስ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ሲገረጣ አየሁ።

"ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"ፈራሁ። ቢከለክሉኝ ልሞት ነው። ቢፈቅዱልኝ ደግሞ ለእኔ አዝነው እንጂ ከልብዎ አይመስለኝም።"

"አየህ" አሉ፣ "ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን እኔ ዲያቆን ሳልሆን ነው የተማርኩት። ለአንተ መንገር ግን ትዝ አላለኝም። እሑድ እሑድ እዚህ እየመጣሁ ዳዊት ስደግምልህ ከረምኩ፤ 'መድኃኒትህን ስንት ሰዓት ነው የምትውጠው?' ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁህም። ያውቃል አልኩ። አንተም ይከለክላሉ አልህ። በሁለታችን ዝምታ መሐል ልትሞት ነበር።"

ከዚያ ተነሥተው መስቀላቸውን አወጡ።

"ቀኖናህን ልስጥህ።"

"ስንት ስግደት?" አልኳቸው፤ ከአልጋዬ መነሣት አልችልም ነበር።

"ስግደቱ ይቆይህ። ቀኖናህ ይህ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እህል ቀምሰህ መድኃኒትህን ትውጣለህ። ማታም እንደዚሁ። ረቡዕ ሆነ ዓርብ፣ ሁዳዴ ሆነ ፍልሰታ። በእኔ ሥልጣን ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው የማዝህ። የእኔን ጥፋት ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ። እስከዚያው ግን በየጠዋቱ እዚህ መጥቼ ስትውጥ አያለሁ። አንተን ማመን ትቻለሁ።"

በዚያው ቀን የሺ ለሲስተር መሠረት ነገረቻት። ሲስተር ቤት ድረስ መጣች። ተናዳ መናገር አቃታት፤ ቀጥላ ደግሞ መናገር ማቆም አቃታት። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ቫይረሱ እንደሚለምደው፣ ከለመደው በኋላ ያው ክኒን እንደ ባዶ ውሃ እንደሚሆን፣ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ መዋጥ ደግሞ ጉበት እንደሚጎዳ ነገረችኝ። የአፌን ቁስል ታከምኩ። ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶት እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ ግን መጠበቅ ነበረብን።

መጠበቁ በሰሙነ ሕማማት ተጀመረና ክረምቱን ሙሉ ዘለቀ። መምሬ ቃላቸውን ጠበቁ። ሌሊቱን በጸሎት አሳልፈው ሳይተኙ፣ ሬዲዮው አንድ ሰዓት ሊል ሲል በራችን ላይ ያስላሉ። የሺ በሶ ታቀርብልኛለች። እሳቸው ውሃ ሳይቀምሱ ፊት ለፊቴ ቆመው እኔ በሕማማት ጠዋት በሶ እበላለሁ። የመጀመሪያው ቀን አልወርድ አለኝ። "ብላ!" አሉ። "ዋጥ! አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሣ።" ሕማማት ካለፈ ወዲህ ደግሞ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው መስቀል ያሳልሙኛል። የሺ ከጓዳ ሳቋን ታፍናለች።

አንድ ጠዋት ከበር ሳይገቡ ቆሙና "የሺ፣ ይህን ገብስ ምን አድርገሽ ነው የምትቆዪው? ሽታው ደጀ ሰላም ድረስ እየመጣ ጾሜን ሊያስገድፈኝ ነው" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዳቸው አሳቀን። እኔ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። እንደዚያ ተርቦ ሌላውን ሲያበላ የሚቆም ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ከመስቀል በዓል በኋላ ሲስተር ውጤቱን ይዛ ራሷ ወፍጮ ቤት መጣች። በጩኸቱ መሐል ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም፤ ፈገግታዋን ግን አየሁ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ቁጥሩ እየወጣ ነው። "ተርፈዋል፣ ጋሼ" አለችኝ ውጭ ስንወጣ፤ "እንዴት እንደተረፉ ግን አይጠይቁኝ።"

ስለዚህ እንደኔ ግትር ለሆንክ ወንድሜ፣ ለሆንሽ እህቴ የምለው ይህ ነው። የፈራችሁትን መልስ ጠይቁ። እኔን ሊገድለኝ የደረሰው ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነው። ካህናት ሆይ፣ እናንተም ሕዝቡ ያውቃል ብላችሁ አትለፉ፤ ጠይቁን።

በዓመቱ ዘወረደ ላይ መምሬ አስረስ በዚያው አውደ ምሕረት ቆሙ። ስለ ጾም አስተማሩ፤ አልላላም። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ። እህል ቀምሶ ውሰድ ከተባለ ቀምሶ ይውሰድ፤ ጾሙ አይፈርስበትም። ይህን አምና ሳልናገር ቀርቼ ሰው ልገድል ነበር። ይቅር በሉኝ" አሉና ለሕዝቡ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው "ይፍቱን፣ ይፍቱን" አሉ። እኔ ዓምዱን ተደግፌ ቆምኩ፤ ስሜን አልጠሩም።

ስቅለት ሲቃረብ ጠሩኝ። "ስቅለት ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንተም ልትሰግድ ትመጣለህ። አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ደጀ ሰላም ግባ፤ ውሃ አስቀምጣለሁ። ግን እንደ አንተ ያሉ ሌሎችም አሉ። እነሱ ቢያዩህ፣ አንተም ብታያቸው ትፈቅዳለህ? ካልፈቀድህ ሌላ ቦታ እፈልግልሃለሁ" አሉኝ። ሦስት ቀን አሰብኩና ፈቀድኩ።

በስቅለት ጠዋት ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ይሰግዳል። ሰዓቱ ሲደርስ ቂጣዬን በመሐረብ ይዤ ሾልኬ ወጣሁ። ደጀ ሰላም ስገባ ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዲት አስተማሪ፣ አንድ ጨው ነጋዴ፣ ከአምባራስ በኩል በእግሯ የመጣች እናት፤ ሌሎቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ ጨው ነጋዴው "አስማረ፣ አንተም?" አለኝ። "አንተም?" አልኩት። ከአምባራስ የመጣችው እናት ስንቅ አልያዘችም ነበርና ቂጣዬን ቆርሼ ሰጠኋት። መምሬ ውሃ እየቀዱ አዞሩልን። ውጭ "ኪርያላይሶን" ይሰማል፤ እኛ ውስጥ ክኒናችንን ዋጥን። መምሬ ማንንም "አፍህን ክፈት" አላሉም።

ስመለስ ቦታዬ ተይዟል። አጠገቡ ግን ጎረቤቴ ደሴ ቆሟል፤ ከቤታችን ቀጥሎ ሱቅ ያለው፣ ወሬ የማይጠፋበት ሰው ነው። ከመንደሩ ሁሉ እንዳያውቅብኝ የምጠነቀቀው እሱን ነበር። ላቡን በጋቢው ጠረገና "የት ጠፍተህ ነው? ሠላሳ ስግደት አምልጦሃል" አለኝ።

"መድኃኒቴን ልውጥ ሄጄ ነው" አልኩት።

"የምን መድኃኒት?"

ሆዴ ታመመኝ፣ ሆድ ቁርጠት ነው፣ ማለት እችል ነበር። እንደዚያ ሲል የኖረ አፌም ተዘጋጅቶ ነበር።

"የኤች አይ ቪ" አልኩት።

ደሴ አየኝ። ካህኑ ድምፅ ሲያሰሙ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ደሴም ወደቀ። እኔ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ሲነሣ ግንባሩ ላይ አፈር ነበር። ጋቢውን ከእኔ ወዲያ ሰበሰበ፤ የሸሸኝ መሰለኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለና በሰበሰበው ጋቢ ልክ የተለቀቀውን ቦታ በእጁ አሳየኝ።

"በል ግባ" አለኝ። "ያመለጠህን ሠላሳ ሲያልቅ አብሬህ እሰግድልሃለሁ።"

ገባሁና ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰገድን።